የእናኑ መስኮትና የሚያዘግመው ፕሪንተር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "ጥሩወርቅ፣ አንቺ የጎንደር ገጠር ልጅ፣ እንዴት ብለሽ የፕሪንተር ጠጋኝ ሆንሽ?" ይሉኛል። እውነቱን ልናገርና፣ በመጥረጊያ ነው የገባሁት።

እስራኤል አገር፣ ሃይፋ በደረስን በጥቂት ዓመታችን፣ ከወደቡ ጀርባ ባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ የቢሮ ዕቃ በሚጠግን አንድ ድርጅት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠርሁ። ኡልፓን የሚሉት የቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቼ ዕብራይስጥ ማንበብ ተምሬአለሁ፤ መናገሩ ግን ገና ይንገዳገድብኝ ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ ሆዳቸው የተከፈተ ፕሪንተሮች በየጠረጴዛው ተደርድረዋል። ወለሉ ላይ ብሎን እንደ ጥሬ ተበትኗል። ከእኔ በፊት የነበሩት ጠርገው ከቆሻሻው ጋር ይጥሉት ነበር አሉ። እኔ ግን የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አባቴ ማረሻና ማጭድ ሲሠራ ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግሁት፤ ብረት መጣል አይሆንልኝም። ስለዚህ ብሎኖቹን እየለቀምሁ፣ በመጠናቸው እየለየሁ፣ በባዶ የእርጎ ዕቃ ማስቀመጥ ጀመርሁ።

አንድ ቀን ግሪሻ እነዚያን ዕቃዎች አዩ። ግሪሻ የወርክሾፑ አንጋፋ ናቸው፤ ከዩክሬን የመጡ፣ ወፍራም መነጽር የሚያደርጉ፣ ዕብራይስጣቸው ከእኔ የማይሻል ሰው። በዕብራይስጥ አንቱታ የለም፤ ትንሹም ትልቁም አንተ ነው የሚባለው። እኔ ግን በልቤ እሳቸው እንጂ እሱ ብያቸው አላውቅም፤ እዚህም እንደዚያው ልጻፋቸው።

"ይህን የለየው ማን ነው?" አሉ።

የሚቆጡኝ መስሎኝ፣ "እኔ ነኝ፤ ካስቸገረ አነሣዋለሁ" አልሁ።

ሁለት ብሎን ከዕቃው አውጥተው በመዳፋቸው ዘረጉልኝ። "እነዚህ አንድ ዓይነት ናቸው?"

"አይደሉም። የዚህ ጥርሱ ሰፊ ነው፤ ፕላስቲክ ይነክሳል። የዚያ ጥርሱ ደቃቅ ነው፤ ብረት ውስጥ የሚገባ ነው።"

ወደ አለቃችን ወደ ራሚ ቢሮ ገቡና ጥቂት ቆይተው ሲወጡ በእጃቸው ካቻቪቴ ይዘዋል። "መጥረጊያውን አስቀምጪው" አሉኝ። እንዲህ ሆኖ፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ተማሪ ሆንሁ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ነገር ግን ስሜ በደረቱ ላይ የተጠለፈበት ሰማያዊ ሸሚዝ ተሰጠኝ። ያን ሸሚዝ ለብሼ ቤት የገባሁ ዕለት ባለቤቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ነው የተቀበለኝ።

ሌዘር ፕሪንተር ለማያውቀው ሰው ምሥጢር ይመስላል እንጂ፣ ነገሩ ከምድጃ ሥራ አይርቅም። ቀለሙ ዱቄት ነው። አንድ ከበሮ ዱቄቱን በፊደሉ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ የጋለ ጥቅልል ይጠብሰዋል። ዱቄቱ ካልተጠበሰ በእጅ ሲነኩት ይራገፋል፤ ከመጠን በላይ ከተጠበሰ ወረቀቱ ይጠቀለላል። ግሪሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ያዳምጡና "ወረቀት ሳቢው ጎማ አልቋል" ወይም "ጥርሱ የተበላ መዘውር አለ" ይላሉ። ከፍተን ስናይ እንዳሉት ነው። ብሎን ሲፈቱ፣ በነጭ ወረቀት ላይ የማሽኑን ቅርጽ ይሥሉና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ያስቀምጡታል። ከአንድ ማሽን ውስጥ ሠላሳ ብሎን አውጥተው ሲገጥሙ አንድ እንኳ ተርፏቸው አላየሁም።

ሁለት ልማዳቸው ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። አንደኛው፣ ደንበኛ "ፕሪንተሩ ቀርፋፋ ነው" ሲላቸው የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጣቸው ነው። "ቀርፋፋ ማለት እሮሮ ነው፤ ስንት ሰከንድ?" ይላሉ። ሁለተኛው፣ የትም ቢሮ ሲገቡ ከአለቃው በፊት ማሽኑን ቀኑን ሙሉ የምትጠቀመውን ሰው ፈልገው ሰላም ማለታቸው ነው። ከአጠገቧ ወንበር ስበው ይቀመጡና ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ያደርጋሉ፤ እጃቸው ሳያዩ እንዳይቸኩል ነው። "እንደ ወትሮሽ አትሚ" ይላሉ፤ ከዚያ ማየት ብቻ።

ከእሳቸው ጋር፣ ክርያት እያልን በምንጠራቸው የሃይፋ አጎራባች ከተሞች ዞርሁ። ክርያት ያም አንድ ትምህርት ቤት ነበር፤ የመምህራኑ ፕሪንተር ወረቀት እያኘከ አስቸገረ። ከእኛ በፊት የሄደ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ጎማ ቀይሮለታል። ግሪሻ ግን ማሽኑን ሳይነኩ አንድ ወረቀት ከጥቅሉ አውጥተው በጉንጫቸው ላይ አስነኩት። "ርጥብ ነው" አሉ። ለካስ የወረቀቱ ክምር ባሕሩን በሚያየው መስኮት ሥር ነበር፤ የባሕሩን እርጥበት ሲጠጣ ያድር ኖሯል። ወረቀቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባነውና ወጣን። ርእሰ መምህርቷ "የጠገናችሁት ምኑን ነው?" ብትል ግሪሻ "መስኮቱን" አሏት።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ክርያት ሞጽኪን ልጃቸው ቤት አጠገብ ሲገቡ፣ የድርጅቱን ትንሽ መኪና ቁልፍ ራሚ ለእኔ ሰጠኝ። ብቻዬን መሄድ ጀመርሁ። ጥሩ ሠርቻለሁ፤ ይህን በትሕትና ስም አልደብቅም። ለዓመታት አንድም ቅሬታ አልመጣብኝም። ምናልባት የጎዳኝም እሱ ይሆናል።

ነገሩ የሆነው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2010ዎቹ አጋማሽ፣ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ከወደቡ ዕቃ እየጫነ የሚያደርስ አንድ የጭነት ድርጅት ጠራን። ጥሪው "ፕሪንተሩ ቀርፋፋ ነው፤ መኪናዎች እየተሰለፉ ነው" ይላል። ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ በዚያ ቀን ሌላ አምስት ቦታ ይጠብቀኛል። ስደርስ ሥራ አስኪያጁ አቪ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝና በቀጥታ ወደ ፕሪንተሩ ወሰደኝ። መስኮቱ ጋ አንዲት የእኛ አገር ሴት ተቀምጣለች፤ ለሾፌሮቹ የመውጫ ወረቀት እያተመች የምትሰጥ ናት። ስታየኝ ከወንበሯ ከፍ ብላ "እንደምን ዋሉ" አለችኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ቆይ እመጣለሁ" አልኋትና አለፍሁ። ልትነግረኝ የፈለገችው ነገር እንዳለ አይቻለሁ። አይቼም አለፍሁ።

ፕሪንተሩ ራሱን የሚፈትሽበት ቁልፍ አለው። ያን ስጫነው የሙከራ ገጹ በዘጠኝ ሰከንድ ወጣ። ጎማዎቹን ጠረግሁ፤ ደግሜ ተጫንሁ፤ አሁንም ዘጠኝ።

"ማሽኑ ጤነኛ ነው ማለት ነው?" አለ አቪ።

"ጤነኛ ነው።"

የሥራ ሪፖርታችን ላይ "ምክንያት" የሚል ሳጥን አለ። ባዶ ከተተወ ቢሮው ይመልሰዋል። ስለዚህ ሁላችንም ሳጥኑን የምንሞላባት አንድ የተለመደች ዐረፍተ ነገር ነበረችን፤ እሷኑ ጻፍሁ፦ "መዘግየቱ ከተጠቃሚው አሠራር ሊሆን ይችላል።" ፈርሜ፣ አስፈርሜ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወጣሁ። ወደ መስኮቱም አልተመለስሁም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ከሥራ ወደ ቤቴ ወደ ክርያት ያም በአውቶቡስ ስመለስ፣ አንዲት ሴት ከጎኔ ተቀመጠች። ጥቂት ከሄድን በኋላ ወደ እኔ ዞራ "እርስዎ የፕሪንተሯ ሴት አይደሉም?" አለችኝ።

ያኔ አወቅኋት። "ነኝ እንጂ። አንቺ የመስኮቷ ልጅ ነሽ። ስምሽ ማን ነበር?"

"እናኑ እባላለሁ። መስኮቱ ላይ ግን የለሁም። እርስዎ የጻፉትን ወረቀት አቪ ሾፌሮቹ ባሉበት ጮክ ብሎ አነበበልኝ። መዘግየቱ ከተጠቃሚው ነው ይላል አለ። አሁን መጋዘን ነኝ፤ ካርቶን እቆልላለሁ።"

"እኔ ከእናኑ ነው ብዬ አልጻፍሁም" አልሁ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴንም አሳፈረኝ።

"ታዲያ ተጠቃሚዋ ማን ነበረች?"

እሷም ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ስድስት ዓመት እዚያ መስኮት ተቀምጫለሁ። ዕብራይስጥ መጻፍ የተማርሁት ለእሱ ስል ነው" አለች። ክርያት ሞጽኪን ስንደርስ ተነሣችና "ደኅና ያምሹ" ብላኝ ወረደች። ተቆጥታም አንቱታዋን አላጓደለችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ ግሪሻ ሄድሁ። በረንዳቸው ላይ የተከሉትን ቲማቲም እየገረዙ ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው።

"ስንት ሰከንድ ነበር?" አሉ።

"ዘጠኝ።"

"የምኑ ወረቀት?"

"የሙከራው ገጽ።"

"እሷ የምታትመውስ?"

"አልለካሁትም።"

"እሷን ምን ጠየቅሻት?"

"ምንም።"

መቀሳቸውን አስቀመጡና እጃቸውን ጠረጉ። መቆጣት አያውቁበትም። "እኔ አንድ ጊዜ አንድ ማሽን ሦስት ቀን ፈታሁ፣ ገጠምሁ" አሉ። "መጨረሻ ላይ ለካ ኬብሉን አይጥ በልታው ነው። በእኔና በአንቺ መካከል ያለው ልዩነት፣ አይጧን ማንም ከሥራዋ አላነሣትም።" ሳልፈልግ ሳቅሁ። ቲማቲም በከረጢት ሞልተው ሰጡኝና "ሂጂ፣ ተቀመጪ፣ እዪ" አሉኝ።

ራሚ ግን ተመልሼ መሄዴን አልወደደውም። ደግ ሰው ነው፤ የሚጠላው ነገር ቢኖር ያለቀ ሥራ ሲከፈት ማየት ነው። "ደንበኛው እኮ አልጠራንም" አለኝ።

"እኔ ነኝ የተሳሳትሁት። ሳይጠራኝ መሄድ ያለብኝ ለዚህ ነው።"

"ተሳስተናል ብለሽ ከጻፍሽ፣ የድሮውን ሁሉ እንደገና እዩልን የሚል ይመጣል።"

"እንግዲያው የዕረፍት ቀኔን ወስጄ እሄዳለሁ።"

ራሱን አከከ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ የመኪናውን ቁልፍ አውርዶ ወረወረልኝ። "የዕረፍት ቀንሽን ባሕር ዳር አሳልፊው። ይህ ሥራ ነው" አለ።

ስደርስ የመኪናው ሰልፍ ከግቢው ወጥቶ መንገዱን ይዟል። መስኮቱ ላይ ሺሞን የሚባል፣ ከወታደርነት ጡረታ የወጣ ጎልማሳ ተቀምጦ ያልበዋል። አቪ ሲያየኝ አንገቱን አቀረቀረ። "እሱም ዘገየ" አለኝ። "እሱንም ልቀይረው እያሰብሁ ነው።"

ከሺሞን አጠገብ ወንበር ሳብሁ፤ እጄን ከጭኔ ሥር አደረግሁ፤ "እንደ ወትሮህ አትም" አልሁት። የመውጫ ወረቀቱን ላከ። ፕሪንተሩ አረንጓዴ መብራቱን እያርገበገበ ዝም አለ። ሺሞን ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል። ከውጭ ሾፌር ያፏጫል። ወረቀቱ ሲወጣ ሰዓቴ መቶ አራት ሰከንድ ቆጥሯል።

ከዚያው ኮምፒውተር አንድ ተራ ደብዳቤ አሳተምሁ፤ ዐሥራ አንድ ሰከንድ። ነገሩ እየገረመኝ መጣ። ማሽኑ ደኅና ነው። ኬብሉም መረቡም ደኅና ነው፤ ባይሆኑ ደብዳቤውም ይዘገይ ነበር። የኮምፒውተሮቻቸውን ነገር ለሚይዘው ለዮናታን ስልክ ደወልሁ። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በብርዱ ወራት ወደ ሊኑክስ እንዳዞራቸው ነገረኝ። ሊኑክስ ማንም በነጻ ሊጭነው የሚችል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ጎበዝ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ፕሪንተር የሚስማማውን አስተርጓሚ፣ ድራይቨር የሚባለውን፣ መርጦ መስጠት ያስፈልጋል።

"ፕሪንተሩን እንዴት ሞከርኸው?" አልሁት።

"አንድ ደብዳቤ አተምሁ፤ ቶሎ ወጣ፤ ሄድሁ።"

"እኔም እንደ አንተው ነው ያደረግሁት" አልሁት።

ስልኩን ዘግቼ አቪን "እናኑን ከመጋዘን አስጠራልኝ" አልሁት። ጥቂት ካመነታ በኋላ ሰው ላከ። እናኑ የሥራ ጓንቷን እንዳጠለቀች መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

"እናኑ፣ ያን ጊዜ ልጠይቅሽ የሚገባኝን ዛሬ ልጠይቅሽ። መዘግየቱ የጀመረው መቼ ነው?"

አቪን አየችው፤ እኔን አየችኝ። "ኮምፒውተሮቹ የተቀየሩ ሰሞን።"

"ሁሉም ወረቀት ነው የሚዘገየው?"

"አይደለም። ደብዳቤ ቶሎ ይወጣል። የባዶ ኮንቴይነር መመለሻውም ቶሎ ይወጣል። የሚያዘግመው መርከብ ያለበት ነው።"

"ምን መርከብ?"

ገብታ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የመውጫ ወረቀት አንሥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ከጽሑፉ በስተጀርባ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ ገጹን ከዳር እስከ ዳር የሞላ የመርከብ ፎቶግራፍ አለ። "ይኸው። በዚያው ሰሞን ነው የገባው። ፕሪንተሩን መርከቡ ከበደው ብያቸው ነበር፤ ሳቁብኝ።"

የሳቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አቪ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ፎቶግራፉን ከካርሜል ተራራ ላይ ሆኖ ያነሣው ራሱ ነው፤ ኮምፒውተሮቹ ሲቀየሩ ወረቀቱም እንዲያምር ብሎ አስገባው።

እናኑ እንዳለችው ነው፤ መርከቡ ከብዶት ነው። ዮናታን የሰጠው አስተርጓሚ ለየትኛውም ፕሪንተር የሚሆን ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለው አስተርጓሚ ጽሑፉን በጽሑፍነቱ አይልከውም፤ ገጹን በሙሉ ወደ ሥዕል ለውጦ፣ ነጥብ በነጥብ አድርጎ ይልከዋል። ደብዳቤ ሲሆን የገጹ አብዛኛው ባዶ ነጭ ነው፤ ነጩ እንደ ነጠላ ተጣጥፎ ትንሽ ቦታ ይይዛል። መርከቡ ግን ገጹን ሁሉ በግራጫ ነጥብ ስለሸፈነው የሚታጠፍ ቦታ አልተወም። ሊኑክሱ ላይ የሕትመቱን ወረፋ ከፍቼ አየሁት፤ ትንሿ የመውጫ ወረቀት እዚያ ስትደርስ ከራሷ ብዙ መቶ ጊዜ አብጣለች። ያን ሁሉ ሸክም፣ የማስታወስ ዐቅሙ ጠባብ የሆነ አሮጌ ፕሪንተር እየተንፈራገጠ ይቀበላል።

"እናኑ፣ ሰዓቴን ያዢልኝና ቁጠሪ" አልኋት። ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ከተተችና ሰዓቱን ተቀበለች።

መጀመሪያ አስተርጓሚውን ቀየርሁ፤ የፕሪንተሩን የራሱን ቋንቋ የሚናገር ሊኑክሱ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ የመረጠው ሰው አልነበረም እንጂ። አተምን። "ሠላሳ ስምንት" አለች። ቀጥሎ የነጥቡን ጥራት አየሁት፤ ለሠርግ ፎቶግራፍ በሚሆን ልክ ተቀምጧል። ለሾፌር ወረቀት በሚበቃው ልክ ዝቅ አደረግሁት። "ሃያ አንድ።" የቀረው መርከቡ ራሱ ነው፤ ከካሜራው እንደወጣ፣ ሳይቀነስ የገባ ነው።

አቪ ነገሩ ገባው። "መርከቡ ይጥፋ ነው የምትይኝ?"

"አይጥፋ። ይነስ።"

"ምን ያህል?"

መልሱን የሰጠችው እናኑ ናት። የአውራ ጣቷን ጥፍር አሳየችው። አቪ ተከዘ፤ ከዚያ እሺ አለ። መርከቡን አሳንሼ ከወረቀቱ ራስጌ ጥግ ላይ እንደ ቴምብር አስቀመጥሁት። ለመጨረሻ ጊዜ አተምን። እናኑ በአማርኛ ጮክ ብላ ቆጠረች፤ "ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር" ስትል ወረቀቱ ወጣ። ሺሞን ከወንበሩ ተነሥቶ ወረቀቱን ግራና ቀኙን አገላበጠው፤ እኔም እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

"ቤሰደር፣ እሺ" አለ አቪ። "እናኑ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ መስኮቱ ተመለሺ።"

"አልመለስም" አለችው። ሰዓቴን በእጄ አስጨብጣኝ፣ ጓንቷን አጥልቃ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

ሪፖርቱን ለመጻፍ ስቀመጥ ያን ሳጥን ብዙ አየሁት። ከዚያ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ "የቀድሞው ሪፖርቴ ስሕተት ነበር። ተጠቃሚዋ ጥፋት የለባትም። የችግሩን ምንጭ ያገኘችው እሷ ናት።" አንዱን ቅጂ ለአቪ ሰጠሁት። ሌላውን ቢሮ ስመልስ ራሚ ሁለት ጊዜ አነበበውና ማኅተም አደረገበት።

ወረቀት ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ ሰው ግን በወረቀት አይታረቅም። ስለዚህ በአገራችን ወግ ሽማግሌ ይዤ ልሄድ ወሰንሁ። እኛ ሕንፃ የሚኖሩ አባ ገበየሁ የሚባሉ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ አሉ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከእኔ ጋር አውቶቡስ ተሳፈሩ።

"ጠቡ በመሬት ነው በጋብቻ?" አሉኝ።

"በፕሪንተር ነው፣ አባ።"

ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። "ዕቃው ምን አደረጋት?" አሉ ቆይተው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው። "እንግዲያ በደሏ ከዕቃው አይደለም፤ ከቃልሽ ነው" አሉ።

እናኑ በሩን ስትከፍት ሽማግሌውን አየችና ደነገጠች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ አስገባችን፤ ወንበር አቀረበች። አባ ገበየሁ የመጡበትን ሲነግሯት ከንፈሯ ሳቅ ሳቅ አለው። "አባ፣ ለፕሪንተርም ሽማግሌ ይላካል?"

"በበሬ ሸምግያለሁ፣ በድንበር ሸምግያለሁ፣ ልጅ አስታርቄአለሁ" አሉ። "ይህ ለእኔ አዲስ ነው። በስተርጅና አታሳፍሪኝ።"

ያን ጊዜ ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲበርድ ተነሥቼ ቆምሁ። "እናኑ፣ አጥፍቻለሁ" አልኋት። "ልትነግሪኝ ስትነሺ አይቼሻለሁ። ሳልሰማሽ ፈረድሁብሽ።"

እሷም ተነሣች። "እርስዎን ይቅር ብያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለን። ያን ወረቀት ግን አቪ ያነበበብኝ በሰው ፊት ነው። አዲሱንም በሰው ፊት ያንብበው። ያኔ እመለሳለሁ።"

አባ ገበየሁ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አደረጉ። "ፍርድ ነው" አሉ።

በማግስቱ የእናኑን ቃል ለአቪ አደረስሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ፊት መሳሳት የሚከብደው ሰው ነው እንጂ። መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየና "እሑድ ጠዋት ሁሉም ግቢ ውስጥ ይሆናሉ" አለኝ።

እሑድ በዚህ አገር የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው፤ ጠዋት እኔም ተገኘሁ። ሾፌሮቹ የወረቀት ኩባያ ቡናቸውን ይዘው በየመኪናቸው አጠገብ ቆመዋል። እናኑ ከመጋዘኑ ሠራተኞች ጋር ከኋላ ናት። አቪ የጭነት ማውረጃው ደረጃ ላይ ወጥቶ ወረቀቱን ዘረጋና ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበ። ከጥግ የቆመ ሳሊም የሚባል ረጅም ሾፌር "አልሰማንም" አለው። አቪ ጉሮሮውን ጠረገና እንደገና ጀመረ፤ አሁን ግቢው ሁሉ ሰማው።

"የቀድሞው ሪፖርቴ ስሕተት ነበር። ተጠቃሚዋ ጥፋት የለባትም። የችግሩን ምንጭ ያገኘችው እሷ ናት።" ወረቀቱን አጠፈና ከራሱ ጨመረበት። "መርከቡም የእኔ ነበር።"

አንዱ ሾፌር መኪናው ውስጥ እጁን ሰድዶ ጥሩንባውን ነፋ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ግቢው ሠርግ መሰለ። እናኑ በሰው መካከል አለፈች። አቪ አጠገብ ስትደርስ ጓንቷን አውልቃ ሰጠችው፤ እሱም ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ይዞት ቀረ። ሺሞን በሩን ከፍቶ ወንበሩን በደስታ ለቀቀላት። መስኮቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችና "የመጀመሪያው ይምጣ" አለች።

የመጀመሪያው ሳሊም ነበር። የኮንቴይነሩን ቁጥር ነግሯት ኩባያውን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ሳያስቀምጥ ወረቀቱ ወጣ። ወረቀቱን አየ፤ ገና አንዴ እንኳ ያልቀመሰውን ቡናውን አየ።

"አሁን ደግሞ ይህን መቼ ልጠጣ ነው?" አላት።